ዓይን የላትም፤ ስም ግን አላት

ነገሩ የጀመረው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ማታ ጥርሴን እየቦረሽኩ ቀና ስል ኮርኒሱ ጥግ ላይ አንዲት ነገር ተንጠልጥላለች። አካሏ የሩዝ ፍሬ አያክልም፤ እግሮቿ ግን እንደ ፀጉር ቀጥነው፣ ረዝመው፣ ለብቻቸው ሌላ ፍጡር ይመስላሉ። እንደ ዘመኑ ሰው መጀመሪያ ያደረግኩት መሸሽ ሳይሆን ስልኬን ማውጣት ነበር። ፎቶዋን የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቅኩት። «ግደላት!» አለች አንዷ። «ከሸረሪት ሁሉ መርዛማዋ እሷ ናት፤ ደግነቱ ጥርሷ ቆዳ አይበሳም» አለ ሌላው። ይሄኛው ልጅ ያጠናው አካውንቲንግ ነው። ግን በሙሉ ልቡ ስለጻፈው አመንኩት።

ጎግል ሳደርግ «ሃርቨስትማን» የሚል ስም መጣልኝ። ኢናቹራሊስት የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ያያችሁትን እንስሳ ወይም ተክል ፎቶ ስትጭኑ ከዓለም ዙሪያ የሚያውቁ ሰዎች ምን እንደሆነ ይነግሯችኋል። እዚያ ላይ «ሃርቨስትማን፣ አዲስ አበባ» ብዬ ጭኜ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ አንድ የማላውቀው ሰው አርሞኛል። ሃርቨስትማን አይደለችም፣ የቤት ሸረሪት ናት፣ ድሯንና ወገቧን ተመልከት ይላል።

ተመለከትኩ። እውነቱን ነው። ሸረሪት ወገብ አላት፤ አካሏ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሃርቨስትማን ወገብ የላትም፤ ሁሉ ነገሯ አንድ ላይ ተጣብቆ፣ አንዲት ድብልብል ፍሬ ላይ ስምንት እግር የተሰካባት ትመስላለች። ሸረሪት ድር ታደራለች፤ ሃርቨስትማን ድር የሚባል ነገር ከየትም አታወጣም። ሸረሪት አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ዓይን አላት፤ ሃርቨስትማን ሁለት ብቻ፣ እነሱም ብዙውን ጊዜ ጀርባዋ ላይ እንደ ማማ ከፍ ካለች ጉብታ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ናቸው። የመርዙ ወሬ ደግሞ ሃርቨስትማንን በተመለከተ ከነጭራሹ ውሸት ነው፤ የመርዝ ዕጢ የላትም። ጠላት ሲመጣባት መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ታመነጫለች፤ ካልሆነም ብዙዎቹ እግራቸውን ጥለው ይሄዳሉ። የተጣለው እግር ለብቻው እየተንፈራገጠ ጠላትን ያዘናጋል። ያ እግር ግን ተመልሶ አይበቅልም። ውድ ዋጋ ነው።

የሳይንሱ ስም ኦፒሊዮኔስ ነው፤ ላቲን «እረኛ» ከሚለው ቃል የመጣ። እኛ ቤት ግን ስምንት እግር ያለው ሁሉ ሸረሪት ስለሆነ «ሃርቨስትማን» እያልኩ እቀጥላለሁ። እስካሁን ስም የወጣላቸው የሃርቨስትማን ዝርያዎች ከ6,500 በላይ ናቸው። እኔን ይዞ ያስቀረኝ «ስም የወጣላቸው» የሚለው ነው። ስም ያልወጣላቸውስ?

«አዲስ ዝርያ ተገኘ» የሚል ዜና ሳይ ሁልጊዜ በዓይነ ህሊናዬ የሚመጣልኝ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ጫካ ውስጥ ድንጋይ ገልብጦ «አገኘኋት!» ብሎ ሲጮህ ነበር። በቃ፣ ተገኘች፣ አለቀ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን መብራት ጠፍቶ ዳታዬን እየቆጠብኩ አንድ የብራዚል ጥናት ስልኬ ላይ አነበብኩ። ማግኘቱ ርካሹ ክፍል እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ዙኪስ በሚባል መጽሔት ላይ ነው። ዙኪስ ማንም ሰው ሳይከፍል የሚያነበው መጽሔት ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ጸሐፊዎቹ ሪካርዶ ፒንቶ ዳ ሮሻ፣ ራፋኤል ፎንሴካ ፌሬይራ እና ማሪያ ኤሊና ቢሹቴ የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። የሚገልጿት ሃርቨስትማን የተገኘችው ሚናስ ዤራይስ በተባለው የብራዚል ግዛት፣ ሞንዦሎስ ውስጥ፣ ቶካ ዶ ዤራልዶ ከሚባል ዋሻ ነው። ዓይን የላትም። ቀለሟ የገረጣ ነው፤ ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ ለሚኖር ፍጡር ቀለም ምን ያደርጋል? ስሟን ኢያንዱሞኤማ ስሚጎል አሏት። አዎ፣ ያው የምታውቁት ስሚጎል፤ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ላይ ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ገርጥቶ የሚኖረው።

ስሙ ያስቃል። ከስሙ ጀርባ ያለው ሥራ ግን ቀልድ አይደለም። የእንስሳት ስም አወጣጥ የራሱ ዓለም አቀፍ ሕግ አለው፤ መነሻውም ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ስም ሁለት ክፍል አለው፣ እንደ እኛ ስምና የአባት ስም፤ ብቻ እነሱ የሚያስቀድሙት የቤተ ዘመዱን ነው። ስሙ መታተም አለበት። ፌስቡክ ላይ «ይህቺን እንዲህ ብያታለሁ» ብትሉ አይቆጠርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዲት ናሙና ተመርጣ፣ አልኮል ውስጥ ገብታ፣ ሙዚየም ትቀመጣለች። ሆሎታይፕ ይሏታል። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል፤ እሷ ኦርጅናሉ ሰነድ ናት። ከመቶ ዓመት በኋላ ሁለት ሰዎች «ይህቺ ስሚጎል ናት፣ አይደለችም» ብለው ቢጨቃጨቁ የሚዳኛቸው ፎቶ ኮፒው ሳይሆን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ኦርጅናል ነው።

ከዚያ መግለጹ ይመጣል። የጥናቱን ዝርዝር ሳነብ ያሰብኩት የባንክ ኦዲት ሪፖርት ነው፤ ርዝመት በሚሊሜትር፣ እያንዳንዱ እግር ለየብቻ፣ እያንዳንዱ እሾህ በየቦታው። የሚገርመኝ ግን ከዚያ ሁሉ ልኬት ውስጥ ስሚጎልን ከዘመዶቿ የሚለዩት አራት ነገሮች ብቻ መሆናቸው ነው። ጀርባዋ ላይ ጎልተው የሚታዩ ጉብታዎች አሉ። አራተኛው ጥንድ እግር ታፋ ላይ፣ ወደ ጫፉ፣ ከሌላው የተለቀ እሾህ አለ። ዓይን የለም። አራተኛው የወንዱ ብልት ነው።

እዚህ ጋ ስልኬን ከእናቴ ሸሸግ አደረግኩ። ግን ቁም ነገር ነው። ከሸረሪቶች በተለየ ሃርቨስትማን ወንዶች እውነተኛ ብልት አላቸው፤ በውጭ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ሁለት ዝርያዎች ብዙ ጊዜ የሚለዩት በዚያ ቅርጽ ነው። ስለዚህ ታክሶኖሚስት የሚባሉት ባለሙያዎች ሥራ ትልቁ ክፍል፣ ጥቂት ሚሊሜትር ከሆነች እንስሳ ውስጥ ያንን አውጥቶ በማይክሮስኮፕ እያዩ መሳል ነው። የስሚጎል ልዩነት እዚያ ላይ ያለች አንዲት ቀጭን ቅጥያ ርዝመት ነው። ለእናንተ ይህን ስጽፍ እየሳቅኩ ነው፤ ለእነሱ ግን የወራት ሥራ ነው።

ገና አላለቀም። «አዲስ ናት» ለማለት ከዚህ በፊት ስም ከወጣላቸው አንዷም አለመሆኗን ማሳየት አለባችሁ። ስሚጎል በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ ኢያንዱሞኤማ የሚባለው ወገን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን ከእሷ በፊት የነበሩት ሁለት ዝርያዎች ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ወገኖች እንዲህ አይቀሉም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ካርል ፍሪድሪኽ ሮቨር የሚባል ጀርመናዊ ነው። ሮቨር ከ1881 እስከ 1963 የኖረ ሰው ሲሆን ብቻውን ከ2,000 በላይ የሃርቨስትማን ስም አውጥቷል። ዛሬ ከሚታወቁት አንድ ሦስተኛ ገደማ ማለት ነው! ፍጥነቱ ከየት መጣ ብትሉ፣ እንደ እግር መጋጠሚያና እሾህ ባሉ በቶሎ በሚቆጠሩ ነገሮች ይመድባቸው ስለነበር ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ ይህን ሲያርሙ ኖረዋል፤ አንዷን ዝርያ ሁለትና ሦስት ስም ሰጥቷት ያገኟታል። እኔ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ስለሆንኩ ዕዳ ነው የሚታየኝ። ሮቨር በርካሽ አመረተ፤ ወለዱን የሚከፍሉት የዛሬዎቹ ናቸው።

የሮቨርን ሥራ ግን ሳታውቁ አይታችሁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተነሳ አንድ ፎቶ ኢንተርኔቱን አጥለቅልቆት ነበር፤ ራሷ የጥቁር ጥንቸል ወይም የውሻ የመሰለ፣ ጆሮ ያላት የምትመስል፣ ስምንት እግር ያላት ፍጡር። ፎቶውን ያነሳው አንድሪያስ ካይ ነው፣ ኢኳዶር የአማዞን ጫካ ውስጥ። እኔም ያኔ «አዲስ እንስሳ ተገኘ» ብዬ ሼር አድርጌያለሁ፤ አፍራለሁ። እንስሳዋ ሜታግራይን ባይኮሉምናታ ናት፤ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1959 ነው ስም ያወጣላት። 58 ዓመት ሙሉ ስሟ ተጽፎ ተቀምጧል። «ጆሮዎቹ» ጉብታዎች ናቸው፤ ዓይን የሚመስሉት ሁለት ነጠብጣቦችም ዓይን አይደሉም። ለእኛ አዲስ የሆነው እንስሳዋ ሳትሆን ፎቶው ነበር።

«ታዲያ ዓይን የሌላት ነፍሳት ስም ቢኖራት ባይኖራት ምን ይፈይዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። መልሱን ያገኘሁት ስሚጎል ከምትኖርበት ግዛት ስም ነው። ሚናስ ዤራይስ በፖርቱጋልኛ ከማዕድን ማውጫ የመጣ ስም ነው። ወርቁም አልማዙም ብረቱም ከዚያ ይወጣል። ማዕድን ያለበት ተራራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋሻ አለው።

ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ድንጋጌ ዋሻዎችን በጠቅላላ ይጠብቅ ነበር። በ2008 ግን ተሻሻለና ዋሻዎች በአራት ደረጃ እንዲመደቡ ተደረገ። ዝቅ ያለ ደረጃ ያገኘ ዋሻ ፈቃድ ተሰጥቶ ሊፈርስ ይችላል፤ ከፍተኛውን ያገኘ አይነካም። ከፍተኛውን ደረጃ ከሚያሰጡት መለኪያዎች አንዱ ከዋሻ ውጭ የማይኖር ብርቅ እንስሳ መኖሪያ መሆኑ ነው። አሁን አስቡት። አንዱ ወገን በቢሊዮን የሚቆጠር የብረት ማዕድን ይዞ ይመጣል። ሌላው ወገን ስምና ገለጻ ያላት፣ ሙዚየም ውስጥ ኦርጅናሏ ያለ፣ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነች ገርጣታ ይዞ ይመጣል። ስም ከሌላት ግን ይዞ የሚመጣው ነገር የለም፤ ፎርሙ ላይ የሚሞላበት ቦታ የላትም።

የስሚጎል ጸሐፊዎች ይህን አልደበቁም። የተገኘችበት ቦታ በሕግ ከተከለለ አካባቢ ውጭ መሆኑን፣ ዙሪያውን የሰው እጅ እየነካው መሆኑን ጽፈው፣ ለአደጋ የተጋለጠች ናትና በጥበቃ ሥራ ትታሰብ ይላሉ። ሕጉም የማይነቃነቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሌላ ድንጋጌ መጥቶ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸውን ዋሻዎች ጭምር ለመንካት በር ከፈተ፤ በዚያው ወር አንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ዋና ዋናዎቹን አንቀጾች አገዱት። እንግዲህ ዓይን የሌላት ሃርቨስትማን ፖለቲካ ውስጥ ገባች ማለት ነው።

ክፍል ውስጥ «ፐብሊክ ጉድ» ሲያስተምሩን ምሳሌው የመንገድ መብራት ነበር፤ ሁሉም ያይበታል፣ ማንም ለብቻው መክፈል አይፈልግም። እኔ አሁን ባስተምር ምሳሌዬ የዝርያ ገለጻ ነው። ስሙን የሚጠቀም ሰው ሳንቲም አይከፍልም፤ ያወጣው ሰውም በየአጠቃቀሙ አያገኝም። ስለዚህ ብዙ ወጣት ወደዚህ ሥራ አይገባም። ሰው አይሂድበት አልልም፤ እኔ ራሴ ገንዘብ ይሻላል ብዬ ነው ኢኮኖሚክስ የገባሁት፣ አሁን በጽሑፍ የምኖረው።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚባል ጣሊያናዊ በንጉሥ ምኒልክ ዘመን ሸዋ ውስጥ ሰፍሮ እንስሳት ይሰበስብ ነበር፤ እዚያው ሸዋ እ.ኤ.አ. በ1882 ሞተ። በ1883 ፒዬትሮ ፓቬሲ ስለ ሸዋ ሸረሪቶችና የሸረሪት ዘመዶች አንድ ሰፊ ጥናት ጣሊያን ውስጥ አሳተመ፤ የታተመው በጄኖቫ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መጽሔት ላይ ነው። ያኔ የወጡት ስሞች ኦርጅናላቸው ያለው ባሕር ማዶ ነው። ዛሬ አንድ የአዲስ አበባ ተማሪ አንኮበር ሄዶ «አዲስ ናት» የሚላት ነገር ቢያገኝ፣ ከእነዚያ ጠርሙሶች ጋር ማስተያየት አይቀርለትም። ቪዛ፣ ትኬት፣ ማይክሮስኮፕ። ሂሳቡን እናንተ ሥሩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እውነተኛዋን ማየት አማረኝና ከጓደኛዬ ጋር መናገሻ ሱባ ደን ሄድን። ሁለት ሰዓት የበሰበሰ ግንድ ሥር በስልክ መብራት ስንፈልግ ውለን፣ ጫማችን ጭቃ ጠጥቶ፣ እሱ «ሸረሪት ፍለጋ ነው ያመጣኸኝ?» እያለ ሲነጫነጭ፣ አንድ ቅርፊት ሥር አገኘኋት። ወገብ የላትም። ድር የላትም። ሁለተኛው ጥንድ እግሯ ከሌላው ረዝሞ እንደ ዓይነ ስውር ዘንግ ፊት ፊቷን እየዳሰሰ ይሄዳል። ስድስት ፎቶ አነሳሁ፣ አራቱ ደብዝዘዋል። ቅርፊቱን ወደ ቦታው መለስኩት፤ ናሙና ያለ ፈቃድ አይሰበሰብም፣ ደግሞም ኪሴ ውስጥ አልኮል አልነበረም።

ማታ ኢናቹራሊስት ላይ ጫንኳት። በማግስቱ ያው ያረመኝ ሰው መጣ። በዚህኛው ትክክል ነህ፣ ኦፒሊዮኔስ ናት፤ ከዚህ በታች ግን በፎቶ አይታወቅም፣ ወንዱ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት ብሎ ጻፈልኝ።

ሦስት ወር ሆነው። ገጹን አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ። «ኦፒሊዮኔስ» ላይ እንደቆመ ነው።