ከወደቀ በኋላ

በነቀምቴ፣ በበከኒሳ ቀሴም ሆነ በቀረው የወለጋ ምድር፣ ኦሮሞው «ወልአንሶ» ሌላው «ትግል» በሚለው ጥንታዊ ጨዋታ ያደገ ጎረምሳ፣ ባላንጣውን አንሥቶ ከመሬት ካገናኘ በኋላ በወደቀው ላይ እጁን ማንሣት ነውር መሆኑን ያውቃልና፣ በቴሌቪዥን የኤምኤምኤ (የቅይጥ ማርሻል አርት) ፍልሚያ ሲመለከት አንዱ በሌላው ደረት ላይ እንደ ፈረሰኛ ተፈናጦ ፊቱን በቡጢና በክርን ሲወቅጠው ቢያይ፣ «ዳኛው ወዴት አለ?» ብሎ ቢጮኽ አይፈረድበትም።

ጩኸቱ ከስፖርቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ዩኤፍሲ የተባለው የኤምኤምኤ ውድድር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1993 በዴንቨር ከተጀመረ በኋላ፣ የአሪዞናው ሴናተር ጆን ማኬይን ውድድሩን ከአውራ ዶሮ ግጥሚያ ጋር አመሳስለው እንዲታገድ ለግዛት ገዥዎች የጻፉትም፣ የቀድሞው የኦሎምፒክ ታጋይ ማርክ ኮልማን ሰውን ጥሎና በክብደቱ አፍኖ በቡጢ፣ ኋላም በተከለከለው በቴስታ መደብደብን እንደ ጥበብ ያስመሰከረውም በ1996 ነበር።

የስፖርቱ ተሟጋቾች ግን መልሳቸው የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ሮይስ ግሬሲ በጀርባው ተኝቶ፣ እጅግ የሚከብደውን ዳን ሰቨርንን በእግሮቹ አንገቱን አንቆ አሸንፏል፤ ስለዚህ በእኛ ትግል ፍጻሜ የሆነው ውድቀት በዚያ ገና መቅድም ነው። እኔም ይህን አምናለሁ፤ ነገር ግን ቆሞ የተመታ ራስ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ወለል ላይ የተጣለው ማፈግፈጊያ አጥቶ በባለእጅ መስፍ ላይ እንዳለ ብረት መዶሻውን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል።

እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በኒው ጀርሲ የተረቀቀው የጋራ ደንብ ይህን መደብደብ ፈቅዶ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ክርን ግን ለይቶ ከለከለ። በታኅሣሥ 2009 ጆን ጆንስ ማት ሃሚልን ከሥሩ አድርጎ ሲደበድብ ከግጥሚያው የተሰረዘው በዚሁ ክርን ነው፤ በጎኑ አዘንብሎ ቢመታው ኖሮ ባላስከሰሰው! ክልከላው ራሱ በኅዳር 2024 ተነሣ፤ በዚያው ጊዜ፣ እጁን ብቻ ወለል አስነክቶ «ወድቄአለሁና በጉልበት ራሴን አትምቱኝ» ማለትም ቀረ።

የክርን አቅጣጫና የመዳፍ ንክኪ እንዲህ ሲመረመር፣ ከሁሉ የሚከብደው የዳኛው ጊዜ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት የዩኤፍሲ ጥናት፣ በተደጋጋሚ ምት የተሸነፈ ሰው ዳኛው ከመግባቱ በፊት በነበሩት 30 ሰከንዶች በአማካይ 18.5 ምት ተቀብሏል፤ በአንድ ምት ራሱን የሳተው ደግሞ፣ ዳኛው እስኪደርስለት በአማካይ 3.5 ሰከንድ አልፎ፣ በእነዚያም ውስጥ 2.6 ተጨማሪ ምት በራሱ ላይ ዐርፎበታል።