ዕዳው ተከፍሎ ያለቀ ፕላትፎርም

ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ አዲስ አበባን ለረጅም ዓመታት በታክሲነት ያገለገለው ላዳ የሩሲያ መኪና ይባል እንጂ አጥንቱ የጣሊያን ነው። ፊያት 124 ገበያ ላይ የዋለው በ1966 ነበር (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ፊያት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ውል ፈረመ፤ ከቮልጋ ወንዝ ዳር በቶሊያቲ ከተማ የተተከለው ፋብሪካም በ1970 ማምረት ጀመረ። ፊያት ራሱ 124ን በ1974 ሲያቆም ቶሊያቲ ገና መሟሟቁ ነበር። ሩሲያ ውስጥ የዚህ ዘር የመጨረሻዎቹ መኪኖች ከማምረቻ መስመር የወረዱት በ2012 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ17 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል።

አንድ ንድፍ ይህን ያህል ዕድሜ የሚያገኘው ለምንድን ነው? መልሱ ከምህንድስናው ይልቅ ሒሳቡ ውስጥ ይገኛል።

ፕላትፎርም የሚባለው ገዢው የማያየው የመኪናው ክፍል ነው፦ ወለሉ፣ የሞተሩና የካምቢዮው መቀመጫ፣ የጎማዎቹ አያያዝ፣ የመሪውና የፍሬኑ አሠራር። ገዢውን የሚማርኩት መብራቱ፣ ወንበሩና ዳሽቦርዱ ናቸው፤ የፋብሪካውን ካዝና የሚያራቁተው ግን ያ የማይታየው ክፍል ነው። ለስሌት እንዲመች አንድ ኩባንያ ለአዲስ ፕላትፎርም 1 ቢሊዮን ዶላር አወጣ እንበል። 200 ሺህ መኪና ብቻ ከሸጠ እያንዳንዱ መኪና 5,000 ዶላር ዕዳ ተሸክሞ ይወጣል። 2 ሚሊዮን ከሸጠ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ 500 ዶላር ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመረተው መኪና ዕዳው ተከፍሎለት የተወለደ ነው።

ቶሊያቲ የተጠቀመበት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ፊያቱን ለሩሲያ መንገድ አመቻቸው፤ ከ800 በላይ ለውጥ ተደርጎበታል። ላሜራው ወፈረ፣ ከመሬት ያለው ከፍታ ጨመረ፣ ሞተሩ በሌላ ተተካ፣ ጭቃና ጠጠር የማይስማማው የኋላ ዲስክ ፍሬን ወጥቶ ባለ ከበሮ ፍሬን ገባ። ብርዱ ባትሪውን ሲያደክመው ሞተሩን በእጅ አዙሮ የሚያስነሳ ብረትም ተጨመረለት። 2101 ከተባለው ከመጀመሪያው ሞዴል ቀጥሎ ስቴሽኑ 2102፣ ባለ አራት መብራቶቹ 2103 እና 2106፣ ኋላም ማዕዘናማዎቹ 2105 እና 2107 መጡ። ፊታቸው ይለያይ እንጂ ከሥር ያው ናቸው። በ1977 የወጣችው ባለ ሁለት ዲፍረንሻል ኒቫ እንኳ የራሷ ቦዲ ቢኖራትም ሞተሯንና ብዙ የውስጥ ዕቃዋን ከእነዚሁ ወስዳለች። እሷም እስከ ዛሬ ትመረታለች።

ጥቅሙ ለፋብሪካው ብቻ አልነበረም። መኪኖቹ ዕቃ ስለሚጋሩ መለዋወጫ ነጋዴው በአንድ መደርደሪያ ብዙ ሞዴል ያስተናግዳል፤ መካኒኩም አንዱን ካወቀ ሁሉንም አወቀ። አንድ ላዳ ሥራ ሲያቆም ካምቢዮው፣ በሩና ቴስታታው ለሌላው ዕድሜ ይሆናሉ። የአዲስ አበባ ባለ ታክሲ በዚያ መኪና ላይ ያን ያህል ዘመን የቆየው ከፍቅር ብዛት ሳይሆን የጥገና ወጪው አስቀድሞ የሚታወቅ ስለነበር ነው።

ሆኖም ዕዳው ባለቀ ፕላትፎርም የሚገኘው ቁጠባ ማን ኪስ ይገባል? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በሶቪየት ኅብረት ዜጎች ለመኪና ዓመታት ተራ ይጠብቁ ነበር። ወረፋ ያለበት ሻጭ ዋጋ ለመቀነስም ሆነ ዕቃውን ለማሻሻል የሚያስገድደው የለም፤ ስለዚህ ንድፉ ባለበት አረጀ።

ሬኖ በ1999 የገዛው የሩማንያው ዳሲያ ተመሳሳዩን ብልሃት በተቃራኒው ሁኔታ ሠራበት። በ2004 የወጣው ሎጋን የተነሳው በ5,000 ዩሮ አካባቢ የሚሸጥ መኪና ለመሥራት ከሚል ግብ ነው። ዳሽቦርዱ አንድ ወጥ ሆኖ ተቀረጸ፤ የጎን መስታወቱም ለግራም ለቀኝም እንዲያገለግል ተደረገ። ሳንዴሮና ዳስተርም በዚያው ፕላትፎርም ላይ ተሠሩ። ውድድር ባለበት ገበያ ቁጠባው በዋጋ ቅናሽ መልክ ወደ ገዢው ደረሰ። በነጻ ግን አልነበረም፦ ሎጋን በ2005 በዩሮ ኤንካፕ የግጭት ፈተና ያገኘው 3 ኮከብ ነው፤ የሬኖው ላጉና ግን ከ4 ዓመት በፊት 5 ኮከብ አግኝቶ ነበር።

የሚገርመው የሁለቱ ታሪክ መገናኘቱ ነው። ሬኖ በ2008 የላዳን አምራች ሩብ ድርሻ ገዛ። በ2010 የሩሲያ መንግሥት አሮጌ መኪናውን አስረክቦ አዲስ ለሚገዛ 50 ሺህ ሩብል ድጎማ ሲሰጥ 2107 እንደገና ተፈላጊ ሆነ፤ ድጎማው ሲያበቃ ግን ገበያውም አብሮ ሄደ። አሮጌው ዘር በተቋረጠበት በ2012 ቶሊያቲ ላርገስ የተባለውን ላዳ ማምረት ጀመረ። ላርገስ ደግሞ ሌላ አይደለም፣ የሎጋን ስቴሽን ነው። ፋብሪካው ከአንድ ያረጀ ፕላትፎርም ወጥቶ ሌላ ሰው ወደተጠቀመበት ፕላትፎርም ተሻገረ ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ገበያም ትርጉም አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን የሚመዝነው በሞተሩ መጠንና ከተመረተ ባለፈው ዓመት ነው። በዚህ ሚዛን በአውሮፓ 2011 የተመረተ 2107 በተመረተበት ዓመት ቢመዘን ኖሮ አዲስ መኪና በተባለ ነበር፤ ንድፉ ግን የ1966 ነው። የምርት ዓመት የመኪናውን ድካም ሊያሳይ ይችላል፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታውና በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን ስለማዳን ብቃቱ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ሕግ አውጪው በእርግጥ ደኅንነትንና ጭስን ከፈለገ መቅረጥ ያለበት እነሱን ለክቶ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ገዢው ከባድ ምርጫ ገጥሞታል። በየመንገዱ የምናያቸው የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪኖች አይዲ 4 እና አይዲ 6 ኤምኢቢ በተባለ አንድ ፕላትፎርም ላይ የተሠሩ ናቸው፤ የስኮዳው ኤንያክና የኦዲው ኪው 4 ኢትሮንም እንዲሁ። እንዲህ ዓይነት ሰፊ ቤተሰብ ያለው መኪና ነገ ዕቃ የማግኘት ዕድሉ የተሻለ ነው። ለብቻው የተሠራና በጥቂቱ የተሸጠ ሞዴል ግን ዛሬ በርካሽ ቢገዛም አንድ ክፍል ሲበላሽበት ደጅ ላይ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ገዢ ሻጩን “የስንት ዓመት ምርት ነው?” ብሎ ሲጨርስ ሁለት ጥያቄ ይጨምር፦ ከማን ጋር ዕቃ ይጋራል? ዕቃውንስ እዚህ አገር ማን ያስመጣል?