መስታወቱ ላይ ያለውና ፋይሉ ውስጥ ያለው

ያገለገለ የናፍታ መኪና የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠቁመው የፊት መስታወቱን ነው። «ቦሎው የዘንድሮ ነው» ይላል፤ ደላላው ተቀብሎ ይደግመዋል፤ የገዢውም ልብ በከፊል ያርፋል። ቦሎ ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል ነው። በዚያ ቋንቋ ማኅተም ማለት ሲሆን ጣሊያኖች የመኪና ግብራቸውንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ማኅተም ደግሞ የሚመሰክረው በአንድ ቀን አንድ ጉዳይ መፈጸሙን ብቻ ነው። መኪናው ያለፉትን ዓመታት ምን ሲሸከም፣ በየትኛው ኮረኮንች ሲንገላታ፣ በማን እጅ ሲነዳ እንደኖረ አይናገርም። ይህን የሚናገረው ከዓመት ዓመት የተጠራቀመው የምርመራና የምዝገባ ወረቀት ነው። ገዢዎች ግን ለጎማውና ለቀለሙ ከሚሰጡት ጊዜ ሩቡን እንኳ ለእሱ አይሰጡትም።

ነገሩን ከፉሪ ሆኖ ማየት ይጠቅማል። ፉሪ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ዳርቻ ነው፤ ከወዲያ ሸገር ከተማ ይቀጥላል፣ እዚያም በዚሁ ስም የሚጠራ ክፍለ ከተማ አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር የሚነሣበት የፉሪ ለቡ ጣቢያም እዚሁ ነው። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ በአካባቢው ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱት አይሱዙዎች፣ ሃይሉክሶችና አባዱላዎች ግን የሚጠጡት በአብዛኛው ናፍታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ያሉት መኪኖች እርስ በርስ እየተሸጡ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት እየተላለፉ ያረጃሉ። በዚህ ውስጥ ለገዢ የሚበጅ አንድ ነገር አለ። ቀድሞ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ አገልግሎ የሚመጣ መኪና ያለፈ ታሪኩን ባሕር ማዶ ጥሎት ይመጣ ነበር። ዛሬ ለሽያጭ የሚቀርበው ሃይሉክስ ግን ያለፉትን በርካታ ዓመታት የኖረው እዚሁ ስለሆነ፣ የሚፈለገው መረጃ የኛው መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው።

ይህ መረጃ ለናፍታ መኪና ይበልጥ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? የናፍታ ሞተር ናፍታውን የሚያቀጣጥልበት ካንዴላ የለውም። አየሩን እስኪግል ድረስ ይጨምቀዋል፣ ናፍታ ይረጭበታል፣ እሳቱ በራሱ ይነሣል። ስለዚህ ሕይወቱ ያለው መጭመቁ ላይ ነው። የፒስተን ፋሻው ሲያልቅ ወይም ሲሊንደሩ ሲበላ አየሩ ያመልጣል፤ ሞተሩ ጠዋት በብርድ መነሣት ያስቸግረዋል፣ ዘይት ይበላል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ችግሩ ይህ ሁሉ ለአንድ ቀን ሊደበቅ መቻሉ ነው። ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አስነሥቶ ማሞቅ ይቻላል። ወፍራም ዘይት መጨመር ይቻላል። ፓምፑ የሚሰጠውን ናፍታ ቀንሶ ጥቁሩን ጭስ ማሳሳት፣ ከምርመራ ሲወጡ መልሶ መክፈትም ይቻላል። ከፍታችንም ነገሩን ያወሳስበዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ጤነኛ ሆኖም ዳገት ላይ ሊያጨስ ይችላል። የአንድ ቀን ጭስ የታመመውን ነጻ ሊያወጣ፣ ጤነኛውንም ሊኮንን ይችላል ማለት ነው። የአንድ ቀን ፈተና ምን ያህል እንደሚታለል ማየት የሚፈልግ በ2015 እ.ኤ.አ. ቮልስዋገን ላይ የደረሰውን ያስታውስ፤ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል የናፍታ መኪኖች ፈተና ላይ መሆናቸውን ለይተው ጭሳቸውን የሚቀንስ ፕሮግራም ተጭኖባቸው ተገኝተዋል። በዚያ ደረጃ ፋብሪካ ያታለለውን ፈተና፣ አንድ ፓምፕ የሚያውቅ መካኒክ ባያታልለው ነበር የሚገርመው።

የዓመታት ወረቀት ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለልም። አዋጅ ቁጥር 681/2002 የተሽከርካሪን መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ በአንድ ላይ አስሯል፤ ስለዚህ መኪናው በተመዘገበበት ቅርንጫፍ ፋይል አለው። ፋይሉ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚታየው ክፍተት ነው። ቦሎ ሳይታደስ የታለፈ ዓመት ካለ መኪናው ምናልባት ቆሞ ነበር፤ ለምን ቆመ? ተገልብጦ? ሞተሩ ወርዶ? ባለቤቱ ውጭ አገር ሄዶ ሊሆንም ይችላል፤ መልሱ ቀላል ከሆነ ሻጩ በቀላሉ ይመልሰዋል። ቀጥሎ የሞተር ቁጥሩ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው፣ ፋይሉ ውስጥ ያለውና ሞተሩ ላይ የተቀረጸው ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው። ሞተር መቀየር በራሱ ነውር የለበትም፤ ሳይመዘገብ መቀየሩ ግን ስም ሲዛወር ገዢው ላይ ይወድቃል። ከዚያ የሰሌዳው ኮድ። ዛሬ ኮድ 2 የሆነ መኪና ትናንት ኮድ 3 ከነበረ የንግድ ሥራ ሲሠራ ኖሯል። «የኤንጂኦ መኪና ነው» የሚለው ሙገሳም በዚሁ ሚዛን ይታይ፤ ኮድ 5 የነበረ መኪና በየጊዜው ሰርቪስ ተደርጎ ይሆናል፣ ነገር ግን አቧራና ድንጋይ ላይ የዋለበት ዘመንም አብሮ አለ፣ ከቀረጥ ነጻ ገብቶ ከሆነ የቀረጡም ጉዳይ እንዲሁ።

ኪሎ ሜትሩን በተመለከተ ሒሳብ ይበቃል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የሠራ መኪና በ10 ዓመት 300,000 ይደርሳል። ዳሽቦርዱ 140,000 የሚል ከሆነ የቀረው 160,000 የት ሄደ? ቤልጅየም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጋራዡና በየምርመራው የተነበበውን ኪሎ ሜትር የያዘ ሰነድ ሳይኖር ያገለገለ መኪና እንዳይሸጥ አድርጋለች። እንግሊዝ አገር ደግሞ ማንም ሰው ሰሌዳውን አስገብቶ የመኪናውን የምርመራ ውጤት ከነኪሎ ሜትሩ በነጻ ያያል። እኛ ጋ ይህን ቦታ የሚይዙት የጋራዥ ደረሰኞች፣ ዘይት በተቀየረ ቁጥር የሚጻፈው ካርድና የድሮ የምርመራ ወረቀቶች ናቸው። ካርዱ ከፋይሉ ጋር ቀን በቀን ሲገጥም ዳሽቦርዱን ማመን ይቻላል።

«ምርመራው ራሱ ለይስሙላ ነው፤ በገንዘብ የተገኘ ወረቀት ምን ይመሰክራል?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ፍሬኑን ሳያዩ «አልፏል» ብለው የጻፉበት ወረቀት ስለ ፍሬኑ የሚለው አይታመንም። ነገር ግን ውጤቱን ያጣመመ ሰው የአምስት ዓመት ቀኖችን፣ የሞተር ቁጥርን፣ የባለቤቶችን መፈራረቅና ያለ እሱ ቦሎ የማይሰጥበትን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሁሉ አስማምቶ ማጣመም አይችልም። ውሸት አንድ ወረቀት ላይ ይመቸዋል፤ አሥር ወረቀት ላይ ግን ይደናቀፋል። «እኔ መካኒክ ይዤ እሄዳለሁ» ለሚለውም መልሱ ይዞ ይሂድ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረስ፣ ቦኔቱን በእጁ ይዳስስ፣ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ የሚወጣውን ትንፋሽ ይይ። ግን ጥሩ መካኒክም ቢሆን የሚያየው ዛሬን ነው፤ ፋይሉ የት ላይ አጥብቆ መፈተሽ እንዳለበት ይነግረዋል።

የቀረው የደላላው ችኮላ ነው፦ «ሌላ ገዢ ከሰዓት ይመጣል»። መኪና በጠፋበት ገበያ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ፉሪ ላይ ደግሞ አአ እና ኦሮ ሰሌዳ ያላቸው መኪኖች አንድ በር ላይ ስለሚቆሙ ፋይሉ ከተማ ማዶ ሊሆን ይችላል፤ ቢሮው የሚያስተናግደውም ባለቤቱን እንጂ መንገደኛ ገዢን አይደለም። ስለዚህ ሻጩ አብሮ መሄድ አለበት፤ በዚያው ጉዞ መኪናው ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩም ይጣራል። አልሄድም ያለ ሻጭ የግድ አጭበርባሪ አይደለም፤ ወረፋው አሰልችቶት ይሆናል። ያልታየ ፋይል ግን የራሱ ዋጋ አለው፦ የፓምፕና የኢንጀክተር ጥገና፣ ምናልባትም የሙሉ ሞተር ዕድሳት። ገዢው ይህን ጋራዥ ጠይቆ ከተጠራው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ቅናሹን የሰማ ሻጭ የግማሽ ቀኑን ወረፋ ይመርጥ ይሆናል።