ከፍስሐ ገነት ወደ ወጣቶች ደሴት

ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ በሺሕ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ወጣቶች፣ ብዙዎቹም አባቶቻቸው በጦር ሜዳ የወደቁባቸው፣ ከኩባ በስተ ደቡብ ወደምትገኘው፣ ቀድሞ የጥድ ደሴት ትባል ወደ ነበረችውና በ1970 ዓ.ም. የወጣቶች ደሴት ተብላ ወደ ተሰየመችው ምድር ለትምህርት ተልከው ነበር። ስለ ነፍሳቸው ናፍቆት ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን ዛሬ ልጽፍ የወደድሁት ስለ ሥጋቸው ነው። ነገሩ ይገለጥ ዘንድ አንድ ልጅ ከፍስሐ ገነት፣ ከጌዴኦ ቡናና እንሰት ጥላ ሥር ተነሥቶ ወደዚያ እንደ ሄደ እናስብ። (የከተማዪቱ ስም በግእዝ የገነት ደስታ ማለት ስለ ሆነ፣ ከእርሷ የሚወጣ ሁሉ አዳምን ማስታወሱ አይቀርም።)

የመጀመሪያው ፈተና ሰዓት ነው። የአገራችን ሰው ሰዓቱን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ የሚቈጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍስሐ ገነት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ6 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ፣ የዓመቱ ረጅም መዓልት ከአጭሩ የሚበልጠው በ40 ደቂቃ ያህል ብቻ ነውና ፀሐይ ራሷ የታመነች ደወል ናት። ደሴቲቱ ግን ወደ 22 ዲግሪ የተጠጋች በመሆኗ ልዩነቱ ከ2 ሰዓት ተኩል ያልፋል። በዚህ ላይ በእኛ በጋ በጌዴኦ ጧት 2 ሰዓት ሲሆን በደሴቲቱ ገና ሌሊት 6 ሰዓት ነው። በአንጎል ሥር፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚሻገሩበት ስፍራ በላይ፣ 20 ሺሕ ያህል ሕዋሳት ተሰብስበው የእንቅልፍንና የንቃትን ጊዜ ይመድባሉ፤ እነርሱም የሚታረሙት በዓይን በሚገባ ብርሃን ነው። በመርከብ የሚሄድ ሰው ዕዳውን በየዕለቱ በደቂቃ ይከፍላል፤ በአውሮፕላን የሄደ ግን 8ቱን ሰዓት በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ደግነቱ፣ ውስጣዊው ሰዓታችን በተፈጥሮው ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም፣ ወደ ምዕራብ መጓዝ ወደ ምሥራቅ ከመጓዝ ይቀላል፤ በሳምንት ገደማም ይስተካከላል። ጉበትና አንጀት ደግሞ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ እነርሱን ይልቁንም የሚያርማቸው የምግብ ጊዜ ነውና፣ ዓይኑ ኩባ ገብቶ ሳለ ሆዱ ገና ጌዴኦ የሚያድርባቸው ቀናት አሉ።

ሁለተኛው ፈተና ሙቀት ነው። በደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ግማሹ ቀን ለመማሪያ ክፍል፣ ግማሹ ለብርቱካንና ለግሬፕፍሩት እርሻ የተመደበ ነበር፤ በጥላ ዛፍ ሥር ቡና መልቀም የለመደ ልጅም ጥላ በሌለው ረድፍ፣ አየሩ እርጥብ በመሆኑ ላቡ ሳይተን በሚንጠባጠብበት ስፍራ ይቆማል። ቢሆንም በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ የደሙ ውሃ ይበዛል፣ ላቡ ቀድሞ ይወጣል፣ ከላቡም ጋር የሚጠፋው ጨው ይቀንሳል። ወደ ባሕር ወለል መውረዱ ግን ቸር ነው፤ በልጁ አገር ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳሩ ይልቅ የሳሳ ነበርና።

ከሁሉ ዘግይቶ የሚደርሰው ልሳን ይመስለኛል። እስፓኝኛ አምስት አናባቢ ብቻ ስላለው ሰባቱን ለቈጠረ አማርኛ ተማሪ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የኩባ ሰው በቃል መጨረሻ ያለውን «ስ» ወይ በትንፋሽ ያልፈዋል ወይ ጨርሶ ይውጠዋል፣ ስለዚህም መጽሐፉ አንድ ነገር ሲያስተምር ጆሮ ሌላ ይሰማል። የልጅ ጆሮ ግን ገና ለስላሳ ነው፤ ከጕልምስና በፊት የገባ ቋንቋ ከነዜማው ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የገባ ግን የትውልድ አገሩን ቃና ይዞ ይቀራል። ቤቱ ጌዴኦኛ፣ ትምህርት ቤቱ አማርኛ የነበረ ልጅ ቢሆንማ ሦስተኛው ልሳን ለእርሱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሽታን በተመለከተ ጉዳዩ ሌላ ነው። ዓይንና ጆሮ የሚያመጡት ወሬ በአንጎል መካከል ባለ ደጅ ጠባቂ በኩል ሲያልፍ፣ ሽታ ያለ እርሱ ፈቃድ ወደ ስሜትና ወደ ትዝታ ማደሪያ ይገባል፤ ስለዚህ ከወጥ ቤት የሚመጣ የሚቈላ ቡና ሽታ ልጁን ሳይታሰብ ሊያስለቅሰው ይችላል። ቡና ኩባ የደረሰው በ18ኛው መቶ ዓመት፣ ከተማሪዎቹ ብዙ ቀድሞ ነው። ዘሩ ግን የደጋ ልጅ ነውና የባሕር ዳሩን ሙቀት አልወደደም፤ ወደ ሲየራ ማኤስትራ ተራሮች ወጥቶ እዚያ ሰፈረ፣ የቡናው አገር ልጅም ታች በሜዳው ግሬፕፍሩት ለቀመ።