የመስቀሉ ቁመት ስንት ነው? ቅርስና መዝገብ በገሱባ

የመስከረም አጋማሽ በወላይታ ምድር ሁለት በዓላትን አስከትሎ ይደርሳል። በ16 ደመራው ተደምሮ በ17 መስቀል ይከበራል፤ በዚያው ሰሞን፣ ከ14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል በሚውለው እሑድ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ይገባል። ከሶዶ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ፣ በገሱባ፣ ከደስታው ጥቂት ዘወር ያለ ጉዳይ እናነሣለን።

የላሊበላው የወርቅ መስቀል፣ አፍሮ አይገባ፣ በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ከሀገር ወጣ። ከዓመታት በኋላ ቤልጂየም ውስጥ ከአንድ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ ተመለሰ። መስቀሉ ስመ ጥር ነው፤ ምእመናን በእርሱ ተባርከዋል፣ ጎብኚዎችም ፎቶግራፍ አንሥተውታል። ለመሆኑ የተሰረቀው ከአንዲት የገጠር ደብር የወጣ የነሐስ መስቀል ቢሆን ኖሮ፣ «የእኛ ነው» ለማለት ምን ማስረጃ ይቀርብ ነበር? የቄሰ ገበዙ ትዝታ በባዕድ ሀገር ፍርድ ቤት ብዙ አያስኬድም።

ዛሬ «ስማርት ሲቲ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የመንገድ ካሜራና ባለ ቀለም መብራት ነው። እንደ ገሱባ ላለ ከተማ ግን ነገሩ ከዚህ ቀለል ብሎ ይጀምራል፤ በአንድ የእጅ ስልክ፣ በአንድ ሜትርና በሥርዓት በተያዘ መዝገብ። አፍሮ አይገባ በተሰረቀበት በዚያው በ1989 ዓ.ም. «ኦብጀክት አይዲ» የተባለ ዓለም አቀፍ የቅርስ መመዝገቢያ ቅጽ ይፋ ሆኖ ነበር። ቅጹ የሚጠይቀው የዕቃውን ዓይነት፣ ልኩን፣ የተሠራበትን ማዕድን ወይም እንጨት፣ በላዩ ያለውን ጽሕፈትና ምልክት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላ አምሳያው የማይኖረውን ጉድለት ነው፤ የተሰበረች ጫፍ፣ የተበየደች እጀታ። እንዲህ የተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ መረጃው ወደ ኢንተርፖል መዝገብ ሊተላለፍ ይችላል። ድርጅቱ በ2013 ዓ.ም. ያወጣው «አይዲ አርት» የተባለ የስልክ መተግበሪያም ማንም ሰው የሚሸጥ ቅርስ ሲያይ ከመዝገቡ ጋር እንዲያስተያይ ያስችለዋል። በመዝገቡ ያልገባ መስቀል ግን ለመተግበሪያውም ባይተዋር ነው።

እዚህ ላይ የካህናቱን ሥጋት አቃልለን አናልፍም። ታቦት ፎቶግራፍ አይነሣም፤ መዝጋቢው ከመጋረጃው ወዲህ ይቆማል። ንዋየ ቅድሳቱ የት ሣጥን ውስጥ እንደሚያድሩ ለሁሉ በተከፈተ ገጽ ላይ ማስፈርም ለሌባ ካርታ ስሎ እንደ መስጠት ነው። ስለዚህ ምስሉና ልኩ በአንድ ወገን፣ የሚቀመጥበት ስፍራ ደግሞ ጥቂቶች ብቻ በሚከፍቱት ቁልፍ ሥር ቢያዝ፣ ቅጂውም በደብሩ እጅ ቢቀር ይበጃል እንላለን።

ከቦታው የማይነቀለው ቅርስ ሌላ አደጋ አለበት። በወላይታ ከካዎ አማዶ ዘመን የቀረው የድንጋይ ካብ ተሰርቆ አይወጣም፤ ለመሠረት ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ወይም መንገድ የሚጠርግ ማሽን ግን በአንድ ጠዋት ሊንደው ይችላል። ማሽን ነጂው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ በተሰጠው ፕላን ላይ ካቡ ስላልተሣለ ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ አስተዳደር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ታሪካዊ ስፍራዎቹን «አርችስ» በተባለ፣ ማንም በነፃ በሚጠቀምበት ፕሮግራም ላይ አስፍሯል። እኛም ዘንድ የቅርስ ካርታው ከመሬት አስተዳደርና ከግንባታ ፈቃድ ካርታ ላይ ቢደረብ፣ ፈቃድ ሰጪው ፊርማውን ሳያኖር ካቡ ይታየው ነበር። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ፣ በቁፋሮ የተገኘም እንዲታወቅ ያዛል፤ ሕግ ጎድሎብን አይደለም።

መሣሪያውን ብቻ ማመንም ሞኝነት ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ ይተኛል፤ ባለሙያው ሲዛወር የይለፍ ቃሉን ይዞ ይሄዳል። በወረቀት የታተመ አንድ ቅጂ የማይኖረው ዘመናዊ መዝገብ ከብራና ይልቅ ዕድሜው አጭር ነው።

መስቀል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። የማይዳሰሰውን ለመመዝገብ ሜትር አይበቃም። የጊፋታን ቀን የሚቆርጡት የጨረቃን ዑደት የሚያሰሉ አዛውንት ናቸው፤ ስሌቱ ያለው በእነርሱ ጭንቅላት ነው። አንድ ምሽት፣ ደጅ ላይ፣ ጨረቃዋ እየታየች፣ በወላይትኛ እየተናገሩ ቢቀዱ፣ አንዱ ቅጂ በገሱባ ማዘጋጃ ቤት፣ አንዱ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱም በተናጋሪው ልጆች እጅ ሊቀመጥ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ስልክ በበርካታ ወጣቶች ኪስ ውስጥ ነው፤ በዓሉን ሊያከብሩ ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲመጡም ይዘውት ይመጣሉ።