«ተይዟል» ተብሎ የሚጣለው ፓምፕ

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ ሰው የሚጠይቀው ስንት ኪሎ እንደሚያጥብ ነው። ከሥር ተቀምጦ ቆሻሻውን ውሃ ገፍቶ ስለሚያስወጣው፣ በአንድ እጅ ስለሚያዘው ትንሽ ፓምፕ የሚጠይቅ የለም። እሱ ሥራ ያቆመ ዕለት ግን ማሽኑ በሙሉ ይቆማል። ውሃው አይወጣም፣ በሩ አይከፈትም፣ ልብሱ ተዘፍዝፎ ይቀራል። ያን ጊዜ መርካቶ ይወረዳል። አዲስ የፈለገ ከሱቁ ይገዛል፤ ያገለገለ የሚፈልግ ደግሞ ምን አለሽ ተራ ገብቶ ከተፈታ ማሽን የወጣውን ይመርጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው፦ ኤሌክትሪክ ጥምጥሙ ውስጥ ሲገባ መሐሉ ያለው ማግኔት ይዞራል፣ ከማግኔቱ ጋር የተያያዘው ክንፍ ውሃውን ይገፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አመራረጡ ላይ ነው። ፓምፑን ያነሳና ክንፉን በጣቱ ያዞረዋል። ክንፉ እሺ አይልም። ይይዛል፣ ጠንከር አድርገው ሲገፉት ዘለል ብሎ ያልፋል፣ ግማሽ ዙር ሄዶ እንደገና ይይዛል። «ተይዟል» ይባልና ይጣላል። ምን አለሽ ተራ ውስጥ አንድ ወጣት የፓምፕ ክምር ፊት ተቀምጦ በጣቱ እየሞከረ ሲለይ አይቻለሁ፤ በልስላሴ የሚዞረውን ለሽያጭ፣ የሚይዘውን ለቁርጥራጭ። ከተጣሉት አንዱን አንስቼ ዋጋውን ስጠይቀው «ጋሼ፣ ይሄማ አይሠራም» ብሎ ሊመልሰኝ ሞከረ። ቅን ልጅ ነው። የጣለው ግን ጤነኛውን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ ፓምፖች ሞተር ውስጥ ቋሚ ማግኔት የለም፤ ስለዚህ በጣት ሲነኩ በልስላሴ ይዞራሉ፣ 80 ዋት ገደማም ይበላሉ። ዛሬ አብዛኛው ማሽን ላይ ያለው ባለማግኔቱ ነው፤ 30 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ማግኔት ደግሞ ኤሌክትሪክ ኖረም አልኖረም ብረት ይስባል። ጥምጥሙ የተጠቀለለበትን ብረት ሙጭጭ አድርጎ ስለሚይዝ ነው በየግማሽ ዙሩ እጃችን ላይ የሚታገለን። ትግሉ የጤናው ምልክት ነው። እንዲያውም ባለማግኔቱ ፓምፕ ያለ ምንም መያዝ ከዞረ ያን ጊዜ ነው መጠርጠር ያለብን።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለው። ክንፉ ማግኔቱን ከመያዙ በፊት ትንሽ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ «ላልቷል» ይሉታል። አልላላም። ይህ ደካማ ሞተር የውሃውን ክብደት ከመሸከሙ በፊት መንደርደሪያ እንዲያገኝ ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት ነው። በየትኛውም አቅጣጫ ሊነሳ ስለሚችልም የክንፉ ቅጠሎች ያልተጣመሙ፣ ቀጥ ያሉ ናቸው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ግድግዳው ነው። ማግኔቱ በውሃው በኩል ይዞራል፣ ጥምጥሙ ከፕላስቲክ ግድግዳ ወዲያ ደረቅ ቦታ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ በፕላስቲኩ ውስጥ አልፎ ይደርሳል። በድሮው ፓምፕ የሞተሩ ዘንግ በጎማ መዝጊያ መሐል ያልፍ ስለነበር ጎማው ሲያረጅ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ይገባ ነበር። ባለማግኔቱን ፓምፕ በዓለም ካሰራጩት አንዱ በ1978 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጣሊያኑ አስኮል ነው፤ ስሙን ብዙ ያገለገሉ ፓምፖች ላይ ያገኙታል።

ታዲያ በምን ይለይ? በቴስተር። ሁለቱ እግሮች መሐል ከ100 እስከ 200 ኦም ገደማ ካነበበ ጥምጥሙ ደኅና ነው፤ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ክንፉ ሲዞር የሚፈጭ ድምፅ ካለው ደግሞ ጠጠር፣ ሳንቲም ወይም የጋቢ ቁጭት ክር ገብቶበታል። ክሩ በካቻቪቴና በትዕግሥት ይወጣል። ባዶ ሽቦ ሶኬት ውስጥ ሰክቶ «ይኸው ዞረ» ማለትን ግን እባካችሁ ተዉት። እግሮቹ ያልተሸፈኑ ናቸው፣ 220 ቮልት ነው፣ የያዘው እጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው።

ከመግዛት በፊት ፓምፑ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ፤ እኛ አገር የሚያስፈልገው 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። ስለዚህ በደቂቃ 3600 ጊዜ መዞር የነበረበት ፓምፕ 3000 ጊዜ ይዞራል፣ ውሃ ወደ ላይ የማንሳት አቅሙም በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል፣ ጥምጥሙም ይግላል። የዚያን ማሽን ፓምፕ በ220 ቮልቱ መለወጥም መፍትሔ አይሆንም፤ ማሽኑ የሚሰጠው 120 ስለሆነ ጉልበት አያገኝም።

ሲገጠም መጀመሪያ ስፒናው ይነቀል፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። የውሃው ቧንቧ ይዘጋ፣ ውስጥ የቀረው ውሃ ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ይጠበቅ፣ በፊልተሩ በኩል ዝርግ ሳፋ ውስጥ ይፍሰስ። ሽቦዎቹ ሳይነቀሉ በስልክ ፎቶ ይነሱ። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ከተፈታ ወደ ቦታው ይመለስ፤ የመሬት ሽቦ ነው፣ ውሃ ቢያፈስና ኤሌክትሪክ አካሉን ቢነካ የሚያድነን እሱ ነው። ባለሁለት ቀዳዳ ማስፋፊያ ላይ የተሰካ ማሽን ግን ሽቦው በትክክል ቢታሰርም መሬት አያገኝም። ብዙ ቤት የማየው ጥፋት ይህ ነው፣ ለማስተካከልም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የማስወጫው ጎማ ጫፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይታሰር፤ ትክክለኛውን ልክ የማሽኑ መመሪያ ይነግራል። ወለል ላይ ከተጣለ ፓምፑ ሳይዞርም ውሃው ራሱን እየሳበ ይወጣል፤ ማሽኑ ጎደለ ብሎ ይሞላል፣ የሞላው ይወጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው በአንድ አጠባ ባዶ ይቀራል፣ ስህተቱም በፓምፑ ይሳበባል። ጎማው የፍሳሽ ቱቦው ውስጥ ሲገባም ዙሪያው በፕላስተር አይታሸግ፤ አየር ማግኘት አለበት። ፓምፑ አየርና አረፋ መግፋት እንደማይችልም ይታወቅ፤ የእጅ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና አብዝቶ የሚጨምር ሰው በአረፋ ያፍነዋል።

መጨረሻ ላይ የኋላው ክዳን ተዘግቶ፣ ከሥሩ ደረቅ ካርቶን ተነጥፎ፣ ያለ ልብስ አንድ ጊዜ ይሞላና ይድፋ። ካርቶኑ ከረጠበ ስፒናው ይነቀልና የጎማው ማጥበቂያ ቀለበት በፒንሳ እንደገና ይስተካከል።