የአንበጣ መንጋ መንገድ በአንድ ወሬ አይታወቅም

ከዳባት «መንጋው ወደ ደባርቅ አለፈ» ተብሎ ከደባርቅ ቆላ ደግሞ «ወደ ምዕራብ ወረደ» ቢባል፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር የትኛውን ይመን? በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ በወሎ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ስለ በላ፣ ጥያቄው የዋዛ አይደለም።

ሳተላይት ዝናብ የጣለበትንና የለመለመውን ቦታ ያሳያል እንጂ መንጋውን አያይም። የነፋስ ትንበያም በስሜን ተራሮች ግርጌ በየሸለቆው የሚጠማዘዘውን ነፋስ ሁሉ አይዝም። በዓይኑ የሚያየው ገበሬው ነው፤ እርሱም የሚያየው በራሱ ሸንተረር በኩል ያለውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ወሬ ሲጋጭ አንዱ ውሸት ነው ማለት አይደለም። አስቀድሞ ሰዓቱ ይጠየቅ። መንጋ ከነፋስ ጋር በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ስለሚችል፣ ረፋድ ላይ በአንዱ ቀበሌ የታየው ከሰዓት በኋላ በሌላው ሊታይ ይችላል። ሰዓቱ አንድ ከሆነ ቀለሙ ይጠየቅ። ሮዝ ያልጎለመሰው ነው፤ ቢጫ እንቁላል ለመጣል የደረሰው ነው። አንዱ ሮዝ፣ ሌላው ቢጫ ካየ፣ መንጋው ሁለት እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው የማታው ወሬ ነው። አንበጣ ሲመሽ ያርፋል፤ ፀሐይ እስክታሞቀው አይነሣም፤ የደጋው ብርድም ያዘገየዋል። ለመርጨት የሚመቸው ይኸው የማለዳ ጊዜ ነው። ያረፈበትን ማሳ ለይቶ የሚናገር እረኛ፣ የበረረበትን አቅጣጫ ከሚገምት ሽማግሌ ይልቅ ሊሰማ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚሰማው ሽማግሌው ነው።

በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 40 ሚሊዮን አንበጣ ቢሰፍር፣ እያንዳንዱ በቀን 2 ግራም ያህል ስለሚበላ የአንድ ቀን ቀለቡ 800 ኩንታል ይሆናል።

ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሁለቱም ቃል ከነሰዓቱና ከነቦታው ይላክ፤ ሊቀ መንበሩ አንዱን መርጦ ሌላውን አያስቀር።